አልላቀቅ ያለው ፍሪሲዮን

ረታ በስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ብረት በእርግጫ መታ። ብረቱ ምንም አልሆነም፤ እሱ ግን የእግሩን አውራ ጣት ይዞ በአንድ እግሩ እየዘለለ፣ ፍራንክፈርት ዳር ባለችው ኡንተርሊደርባህ ውስጥ በተከራያት ጋራዥ በር ላይ የስድብ መዓት አወረደ። ደግነቱ አላፊ አግዳሚው ጀርመን ነበርና የገባው ነገር ጩኸቱ ብቻ ነው። አህያውን ቢያጣ ዳውላውን መታ እንዲሉ፣ የሚናደድበትን ሰው ገና ስላላገኘ ሞተር ሳይክሉን መታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ሳይክሉ ዘጠኝ ዓመት ቆሞ ነበር። ረታ አዲስ ባትሪ ገዝቶለት፣ ያረጀውን ቤንዚን አፍስሶ፣ ካርቡራተሩን አጥቦ ቢቀሰቅሰው፣ እየሳለም ቢሆን ተነሳ። ደስ ብሎት ተቀመጠበት። በግራ እጁ የፍሪሲዮኑን እጀታ ጥርቅም አድርጎ ያዘና አንደኛ ማርሽ አስገባ። ጤነኛ ሞተር ሳይክል እንዲህ ሲደረግ እጀታው እስኪለቀቅ ድረስ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። ይኼኛው ግን እንደ ደነበረ በቅሎ ወደ ፊት ተወረወረና ከግድግዳው ሊላተም ሲል ጠፋ። ደግሞ አስነሳው፤ ደግሞ ተወርውሮ ጠፋ። የፍሪሲዮን ሥራ፣ ነጂው ሲፈልግ ሞተሩን ከጎማው መለየት ነው። የዚህኛው ሸራዎች፣ ማለትም የሚያገናኙትና የሚለያዩት ቀለበቶች፣ ግን በቆሙበት ተጣብቀው አንለያይም ብለዋል።

ጋራዦቹ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ሊፈርሱ ነው። ቦታው መኖሪያ ቤት ሊሠራበት ተሽጧል። የግቢው ጠባቂ እየዞረ «የማይነሳ ዕቃ ያለው ሰው ይንገረን፣ ጎትተን እናወጣለታለን» ሲል ረታ ፊቱ ጠቆረ።

«የኔ ተጎትቶ አይወጣም» አለ ማታ ቤቱ ገብቶ። «ነድቼው ነው የምወጣው፣ ረታ ልሙት!»

«ፓፓ፣ ላስ ኤስ ዶህ፣ ተወው በቃ» አለው ልጁ ጆኒ በስልክ። «ለብረት ሰብሳቢ ስጠውና ተገላገል።»

«ለብረት ሰብሳቢማ እኔን ስጠኝ!» ብሎ ስልኩን ዘጋበት።

ሰው ለአንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ይኼን ያህል ምን አስቆጣው ሊል ይችላል። የሚለው ግን የረታን ኑሮ የማያውቅ ነው። ተማሪ ሳለ በሱዳን በኩል ተሰደደ። ፍራንክፈርት ከገባ ጀምሮ ሆኽስት ካሉት የኬሚካል ፋብሪካዎች በአንዱ፣ አንድ ሳምንት ቀን አንድ ሳምንት ሌሊት እየሠራ ጡረታ ወጣ። በዚያ ደመወዝ ወንድሞቹ ተማሩ፣ እህቶቹ ተዳሩ፣ እናቱ ጣሪያው የማያፈስ ቤት ገባች። ለራሱ ብሎ የገዛው ነገር ቢኖር ይኼ ሞተር ሳይክል ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ታውኑስ ተራራ ይወጣበት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ልብሱ ላይ የሰነበተው የፋብሪካ ሽታ እዚያ ነፋስ ላይ ይቀራል ይል ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በመጸው፣ እርጥብ ቅጠል ላይ አንሸራተተውና ወደቀ። ጭኑ ተሰበረ፤ ሦስት ቀን ራሱን አያውቅም ነበር። ሲነቃ ሚስቱ የወርቅውሃ ራስጌው ቆማ «ወይ እኔ ወይ እሱ» አለችው። ረታም ሞተር ሳይክሉን ቆለፈበት። ለጊዜው ነው አለ። ጊዜው ዘጠኝ ዓመት ሆነ፤ እሱም በደስታ አልተቀመጠም። ጸደይ በመጣ ቁጥር በመስኮቱ ሥር ሞተር ሳይክሎች ሲያልፉ ጉርሻውን መሶቡ ላይ ይመልሳል። የወርቅውሃም እያየች ዝም ትላለች።

መጀመሪያ የጠራው ሰይፈ ገብርኤልን ነው። ሌላ ማንን ይጠራል? ከአገር የወጡት አብረው ነው፤ ሱዳን ውስጥ ከሰላ ላይ አንድ ምንጣፍ ተጋርተው ተኝተዋል፤ አንዱን ወባ ሲጥለው ሌላው አስታሞታል። ሰይፈ ገብርኤል እስከ ጡረታው የከተማ አውቶቡስ ነድቶ፣ አሁን ቦናመስ ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ብቻውን ይኖራል። የመኪናውን የክረምት ጎማ ረታ ጋራዥ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ አንድ ቁልፍ እሱም ዘንድ አለ።

«ይኼ ቀላል ነው» አለ ሰይፈ ገብርኤል፣ እጅጌውን እየሰበሰበ። «ብዙ ሲቆም ሸራዎቹ ይጣበቃሉ። መጀመሪያ ገመዱን እንይ።»

ገመዱን አዩት፤ ደህና ነው። እጀታው ሲሳብ ከታች ያለችው ክንድ በደንብ ትንቀሳቀሳለች። ሞተሩን ከማርሽ አውጥተው አሞቁት፤ ዘይቱ ሲግል ይለቃቸው ይሆናል ብለው። ከዚያ አጥፍተው ማርሽ አስገቡና፣ ረታ እጀታውን ይዞ ሰይፈ ገብርኤል ከኋላ ወደ ፊት ወደ ኋላ ወዘወዘው። አልለቀቀም። እጀታውን ከመሪው ጋር ጥፍር አድርገው አስረው አሳደሩት። በማግስቱ ቢሞክሩት እንደ ትናንቱ ዘለለ።

«እንግዲህ ዘይቱን እናፍስሰው» አለ ሰይፈ ገብርኤል።

ከሥር ሳፋ አስቀምጠው ብሎኑን ሲፈቱት የወጣው ዘይት አይመስልም። ወተት የበዛበት ቡና የመሰለ፣ አረፋ የያዘ፣ ዝልግልግ ያለ ነገር ነው። ሳፋው ሞላ፤ ጄሪካን አቀረቡ። ረታ በሞተሩ ውስጥ ስንት ዘይት እንደሚገባ ጠንቅቆ ያውቃል። ካስገባው በላይ ወጣ።

«ውሃ ገብቶበታል» አለ።

«ላብ ነው። ብረት ሲበርደውና ሲሞቀው ውስጡ ያልበዋል።»

«ይኼን ያህል የሚያልበው ምኑ ነው? ዝሆን ነው እንዴ?»

ሰይፈ ገብርኤል ሳቀ። ረታ አልሳቀም። ጣሪያውን አየ፤ ደረቅ ነው። የዘይቱን ክዳን አየ፤ ጥብቅ ብሏል። ክዳኑ ጥብቅ ከሆነ ውሃ በራሱ አይገባም፤ ሰው ነው ያስገባው። በሩም ተቆልፎ ነው የኖረው። ያን ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሰይፈ ገብርኤል የተናገረው ትዝ አለው። «ይኼን ነገር ሁለተኛ ብትነዳ እኔው ራሴ ነኝ የማበላሽልህ» ብሎት ነበር። ያን ቀን ሁለቱም ስቀዋል። አሁን ግን ረታ በዚያ ሳቅ ውስጥ ዛቻ አገኘበት። ነገሩን ጠይቆ እንደ ማጣራት ሆዱ ውስጥ ይዞት ወደ ቤቱ ሄደ።

ያ ሳምንት ሳያልቅ የጊዮርጊስ ማኅበር ደረሰ፤ ተረኛው ደጋሽ ደግሞ ረታ ራሱ ነው። ሳሎኑ በማኅበርተኛ ሞልቶ፣ ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ የወርቅውሃ ጠላ እየቀዳች ሳለ አንዱ ለጨዋታ ያህል «ረታ፣ ያ ሞተርህ ተነሳ ወይስ ገመድ እናምጣለት?» አለ። ሰው ሳቀ። ሰይፈ ገብርኤልም ሳቀ። ረታን ያቃጠለው የእሱ ሳቅ ነው።

«እሱን ጠይቁት» አለ በጣቱ እያመለከተ። «ውሃ የጨመረበት እሱ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ሰይፈ ገብርኤል ዞረ።

«ምን አልክ?» አለ ሰይፈ ገብርኤል።

«ሰምተሃል። ከእኔ ሌላ ቁልፍ ያለው አንተ ብቻ ነህ። አበላሻለሁ ብለህ ነበር፤ አበላሸህ።»

«ረታ፣ ጽዋው ፊት ነው ያለነው። በዚህ በጊዮርጊስ ጽዋ፣ እጄን አላሳረፍኩበትም።»

«ጊዮርጊስን ለውሸትህ አትጥራ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቄሱ «ኧረ ልጆቼ፣ በማኅበር ላይ ጠብ የለም» ቢሉ የሚሰማቸው አጡ። ሰይፈ ገብርኤል የቁልፍ መያዣውን ከኪሱ አወጣ። የጋራዡን ቁልፍ በጥፍሩ ፈልቅቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። የተጣላ ሰው ጽዋ አይቀምስምና ሳይቀምስ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ማንም ተከትሎ አልመለሰውም።

የወርቅውሃ ጆጉን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ጠላው ከብርጭቆው አልፎ በጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ፈሰሰ። ሁሉም በባሏ አፍራ ነው አሉ።

ረታ በማግስቱ ንዴቱን ይዞ ጋራዥ ገባ። ንዴት ለመፍቻ አይመችም፤ አንዱን ብሎን አንገቱ ላይ ቆረጠው። እንደምንም የሞተሩን የጎን ክዳን ከፈተ፣ ሞላዎቹን አወጣ፣ ሸራዎቹ ዘንድ ደረሰ። አንድ የብረት አንድ የሸራ ቀለበት እየተፈራረቁ ተደርድረዋል፤ ጤነኛ ቢሆኑ እንደ እንጀራ አንድ በአንድ ይነሱ ነበር። እነዚህ ግን ዝገት በልቷቸው አንድ ጥፍጥፍ ሆነዋል። ስስ ቢላ እያስገባ፣ እየተራገመ፣ በእያንዳንዱ ሰይፈ ገብርኤልን እያነሳ እየጣለ ለያያቸው። ሁለቱ ግን ምን ቢደረጉ አልላቀቅ አሉ። መደርደሪያው ላይ ወረወራቸው።

የወርቅውሃ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ከአደጋው ወዲህ ጋራዡን ረግጣ አታውቅም፤ ረታ እንደዚያ ነው የሚያስበው። በሩ ላይ የምሳ ዕቃ ይዛ ቆመች።

«ብላ እንጂ።»

«አስቀምጪው።»

አስቀመጠችው፤ አልሄደችም። ዓይኗ በሳፋውና በጄሪካኑ ላይ ነው።

«ይኼን ምን ልታደርገው ነው?»

«ነገ ቬርትሽቶፍሆፍ ወስጄ ነው የምጥለው። ምን ላድርገው? ልጠጣው?»

«እዚያማ አይጣልም።»

«ለምን አይጣልም? የከተማው ጉድፍ ሁሉ የሚሄደው እዚያ ነው።»

«ከጉድፍ ጋር አይጣልም አልኩህ እኮ፣ ረታ!» የሹራቧን ጫፍ ይዛ ታፍተለትል ጀመር። «ጸበል አለበት።»

ረታ የያዘውን ቢላ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ሲያስቀምጥ የሚያውቀው ሰው ይፈራል።

«ምን አለበት?»

«ጸበል። ከአገር ቤት በመጣልኝ ቁጥር፣ አንተ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ፣ ቁልፍህን ከተሰቀለበት አንስቼ እየመጣሁ። ላዩ ላይ ብረጨው ዝገቱን ታየዋለህ ብዬ ፈራሁ። ዘይት የምትጨምርበትን አፉን አውቀው ነበርና በዚያ። ትንሽ ትንሽ ነው… በየዓመቱ።»

«እንዲጠብቀኝ ነው ወይስ እንዳይነሳ?»

«ሁለቱንም» አለች። ዓይኗን አልሰበረችም። «ከተነሳ ይጠብቅህ፤ ባይነሳ ደግሞ ደግ ብዬ። ያን ጊዜ ክራንክንሃውስ በር ላይ ሐኪሙ የነገረኝን አንተ አልሰማህም። ተኝተህ ነበር። ልብሱን አዘጋጂ ነው ያለኝ፣ ረታ! የምን ልብስ ብዬ ስጠይቀው መልስ አልሰጠኝም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይኼ ነገር ያራራው ነበር። ያን ቀን ግን ጆሮው ውስጥ የሚጮኸው ሌላ ነበር።

«እሱን ተይው! ብረቱን ተይው!» ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ በጋራዡ ግድግዳ ላይ ተጋጭቶ ተመለሰ። «ሰይፈ በጽዋው ሲምል የት ነበርሽ? ጆግ ይዘሽ አጠገቡ ቆመሽ ነበር እኮ! ለጸበሉ አፍሽ ተከፈተ፣ ለሰውየው ተዘጋ!»

«ፈራሁ።»

«ማንን?»

«ሰዉን። ቤቴ እንግዳ ሞልቶ፣ ቄሱ ተቀምጠው፣ ባሌን ውሸታም ላድርገው?»

«እና እሱን ውሸታም አደረግሽው!»

አሁን እሷም ነደደች። «እኔ ነኝ? ያልኩት እኔ ነኝ? ዕድሜ ልክህን የምታውቀውን ሰው፣ ለብቻው ጠርተህ አንድ ቃል ጠየቅከው? እኔንስ ጠየቅከኝ? በገዛ ቤትህ፣ በጊዮርጊስ ቀን፣ ሰው ፊት አዋረድከው። እኔ ዝም ብያለሁ፤ የተናገርከው አንተ ነህ!»

ረታ እውነቱ ሲነገረው የበለጠ ተቆጣ። «ውጪልኝ» አላት። ወጣች። ምሳው እዚያው ደረቀ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። አይነቅዝ ይሆናል፤ ይዝጋል ግን። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ፣ «ጨው» እና «በሩን ዝጋው» ከማለት በቀር ቃል አልተለዋወጡም። ረታ ሰይፈ ገብርኤል ዘንድ ደወለ፤ አላነሳም። ደግሞ ደወለ፤ አላነሳም። አዳዲስ ሸራዎች አዘዘ፤ ሲመጡለት ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ አሳድሮ ገጠማቸው። ሞተሩን በንጹሕ ዘይት ደጋግሞ አጠበው። ጄሪካኑን ቬርትሽቶፍሆፍ ሲወስድ የወርቅውሃ ሳትጠራ መኪናው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። የዘይት መቀበያው ፊት ቆማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አባታችን ሆይን ከነእመቤታችን ሆይ እስክትጨርስ ድረስ ሠራተኛው ጄሪካኑን እንዳንጠለጠለ ጠበቃት። ረታ አንገቱን ደፍቶ ጥርሱን አፋጨ። ያም ሆነ ይህ ሞተር ሳይክሉ ቱፍ የሚሉትን የተሽከርካሪ ምርመራ አለፈ።

ጋራዡን የሚያስረክብበት ቀን ደረሰ። የሰይፈ ገብርኤልን ጎማዎች አንድ በአንድ ተሸክሞ የራሱ ቤት ምድር ቤት አስገባ። የራሱን ቁልፍ ለግቢው ጠባቂ ሰጠ። ሞተር ሳይክሉን አስነሳ፣ እጀታውን ያዘ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባ። ሞተር ሳይክሉ ንቅንቅ አላለም። ጸጥ ብሎ ጠበቀው። ዘጠኝ ዓመት የተመኘው ቅጽበት ይኼ ነው፤ ደስታ ግን ቢፈልግ ቢፈልግ አላገኘም። ታውኑስ ብቻውን ወጥቶ ምን ሊል ነው? ለማን ሊያወራው ነው?

የወርቅውሃ የመጨረሻውን ካርቶን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ትርፉን ሄልሜት አነሳና ዘረጋላት።

«ውጪበት።»

«ወዴት?»

«ቦናመስ።»

ሄልሜቱን አየችው፤ ሞተር ሳይክሉን አየችው። «እኔ በባቡር እመጣለሁ።»

«ባቡሩን ማንም ይሳፈራል። ዘጠኝ ዓመት ያስቆምሽውን ዛሬ ትወጪበታለሽ!»

ካርቶኑን ለጠባቂው አደራ ሰጠች። ወደ መደርደሪያው ሄዳ እነዚያን የተጣበቁ ሁለት ሸራዎች አነሳች። አገራቸው ቢሆን በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይወድቃል። በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸውና ሞተር ሳይክሉ ላይ ወጣች።

በኒድ ሰፈር በኩል ቀስ ብሎ ነዳ። የወርቅውሃ ወገቡን እንደ ምሰሶ አቅፋ፣ ከኋላው ሆና ጊዮርጊስን በስሙ እየጠራች ትማጸን ነበር። ቀይ መብራት ላይ ሲቆም ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ ሲነሳ ደግሞ ከፍ ይላል። ረታም መንገዱ ጥምዝ ባለ ቁጥር ከወትሮው ይልቅ ይቀንስ ነበር።

ሰይፈ ገብርኤል በሩን ሲከፍት የወርቅውሃ አጎንብሳ፣ ሸራዎቹን ማጅራቷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛቸው አገኛት። ረታ ከኋላዋ ሄልሜቱን ይዞ ቆሟል።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። «ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጸበል ነው። ስትምል ሰምቼ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ሰይፈ ገብርኤል ጎንበስ ብሎ አያት። ከዚያ በእሷ ላይ አሻግሮ ረታን ተመለከተ።

«አንተስ? ባዶ እጅህን ነው የመጣኸው?»

«ይኸው የእሷን ሰማህ፣ ጥፋቱ…»

«የእሷን ሰማሁ። የአንተን ነው የምጠይቅህ» አለ ሰይፈ ገብርኤል። «እሷ ዝም አለች፤ ዝም ያለ አልሰደበኝም። ከሰላ ላይ በወባ ስትቃጠል ድርሻዬን ውሃ ያጠጣሁህ እኔ፣ ላንተ ስል በጊዮርጊስ ብምል ውሸታም አልከኝ። ድንጋይህ የታለ፣ ረታ?»

ረታ ሊቆጣ ነበር። ቁጣው እንደ ልማዱ ተነሳ። በማን ላይ ሊወርድ? በሚስቱ አይደለም፤ በሰይፈም አይደለም። የቀረው ሰው አንድ ነው፤ ያን ሰው ደግሞ ተቆጥቶት አያውቅም። ሄልሜቱን መሬት አስቀመጠና ሚስቱ አጠገብ አጎነበሰ። የወርቅውሃ ቀና ሳትል ሸራዎቹን ወደ እሱ ገፋ አደረገቻቸው። ራስ ለራስ ገጥመው፣ ግማሹ በእሷ ማጅራት፣ ግማሹ በእሱ ማጅራት ላይ አረፈ።

«ሳልጠይቅህ ፈረድኩብህ» አለ ረታ ወለሉን እያየ። «ምለህ አላመንኩህም። ይቅር በለኝ።»

ሰይፈ ገብርኤል ይቅር ብያለሁ አላለም። «እዚያው ቆዩ፤ ወጤ እያረረ ነው» ብሎ በሩን ክፍት ትቶ ገባ።

ሊፍቱ ተከፈተና አንዲት ጎረቤት የገበያ ከረጢት ይዛ ወጣች። ደጅ ላይ ያጎነበሱትን ሁለት አዛውንቶች አይታ ቆመች።

«ሃሎ» አለች።

«ሃሎ» አላት ረታ ቀና ሳይል።

ማማሰያው ድስቱን ሲመታው ይሰማል። ያ የተሰበረ ጭኑ ይጠዘጥዘው ጀመር፤ አልተንቀሳቀሰም።

«ሞተሩስ?» አለ ከወጥ ቤቱ የሰይፈ ገብርኤል ድምፅ፤ አሁንም ቁጣ አለበት።

«ነድቼው መጣሁ።»

«እሷን ጭነህ?»

«እሷን ጭኜ።»

ማማሰያው ቆመ። ደግሞ ቀጠለ። በመጨረሻ ድስቱ ተከደነ።

«ቁልፌንስ?»

ረታ አንድ እጁን ከሸራዎቹ ሳያነሳ ሌላውን ኪሱ ከተተ። ጋራዡ ሰኞ ይፈርሳል፤ በሩም አይኖር፣ የሚከፈትም ነገር አይኖር። የራሱን ቁልፍ ሲያስረክብ ግን ይኼኛውን መስጠት አልቻለም ነበር።

«ይዤዋለሁ» አለ።

«እንግዲያው ግቡ» አለ ሰይፈ ገብርኤል። «በሩንም ዝጉት፣ ይበርዳል።»